ከሁቨር ግድብ እስከ ጨረታው ግቢ፦ ያገለገለ የሰው ማንሻ ማሽን ለሚገዛ ወገን

በላስ ቬጋስ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን ከምንወስድባቸው ቦታዎች አንዱ ሁቨር ግድብ ነው። ከከተማው በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም። እንግዳው ከግድቡ አፋፍ ቆሞ ወደ ታች ያያል፤ ፎቶግራፍ ይነሳል፤ «ይህን የሠራው ሰው ነው?» ብሎ ይደነቃል። ለመሆኑ ዛሬ በየሕንፃው ሥር የምናየው፣ ሠራተኛን አንስቶ ጣራ የሚያደርሰው ማሽን ታሪኩ ከዚያ ግድብ ጋር የተያያዘ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ይህን ጉዳይ ያነሳነው ለጨዋታ ብለን አይደለም። ለብዙ ዓመታት የታክሲ መሪ ይዞ፣ ካዚኖ ውስጥ ካርድ አድሎ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ አንስቶ ቤተሰቡን ያስተዳደረ ወገናችን ብዙ ነው። በ2015 ኡበርና መሰሎቹ በኔቫዳ በሕግ ተፈቅዶላቸው ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ግን የታክሲው ገበያ እንደ ድሮው አልሆነም። አንዳንዱ ወገናችን ወደ ቀለም ቅብ፣ ወደ ጂፕሰም፣ ወደ ኤሌክትሪክና ወደ አየር ማቀዝቀዣ ሥራ ፊቱን አዙሯል። በዚህ ሙያ ራሱን የቻለ ሰው ብዙ ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ «ሊፍት በየጊዜው ከምከራይ፣ ያገለገለ አንድ ብገዛስ?»

እዚህ ላይ ሊፍት የምንለው ሕንፃ ውስጥ ያለውን አሳንሰር አይደለም። ሁለት ዓይነት ማሽኖችን ነው። አንዱ እንደ መቀስ እየተጣጠፈና እየተዘረጋ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣው ሲዘር ሊፍት ነው። ሌላው በረጅም የብረት ክንድ ጫፍ ላይ ሰው የሚቆምበት ቅርጫት ያለው ቡም ሊፍት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አንባቢ ልብ ይበል።

መልእክታችን አንድ ነው። በዚህ ማሽን ላይ ያለው ቁልፍ፣ መደገፊያ ብረትና የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አብዛኛው የተጨመረው ሰው ከወደቀ ወይም ከሞተ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ያገለገለ ማሽን ደግሞ የራሱ የሆነ ያልተነገረ ታሪክ አለው። ያንን ታሪክ ሳይጠይቅ የገዛ ሰው፣ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ይሆናል።

በገመድ የተንጠለጠሉት

የሁቨር ግድብ ሥራ በ1931 ተጀምሮ፣ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በመስከረም ወር 1935 መረቁት። ከፍታው 726 ጫማ፣ በእኛ መለኪያ 221 ሜትር ያህል ነው። ዘመኑ አሜሪካ በኢኮኖሚ ውድቀት የተመታችበት ስለነበር ሥራ ፍለጋ ወደዚህ በረሃ የጎረፈው ሕዝብ ቁጥር ስፍር አልነበረውም። በ1934 ክረምት የሠራተኛው ብዛት ከ5,000 በላይ ደርሶ ነበር።

ከሠራተኞቹ ሁሉ ሥራቸው ለዓይን የሚያስፈራው በገደሉ ግድግዳ ላይ የሚሠሩት ነበሩ። በወገባቸው ገመድ አስረው፣ በጣውላ ወንበር ተቀምጠው ከገደሉ አናት ወደ ታች ይለቀቃሉ። እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥለው አለቱን ይሰረስራሉ፤ ድማሚት ይቀብራሉ፤ ከፍንዳታው በኋላ ተመልሰው የላላውን ድንጋይ ይፈነቅላሉ። ከላይ የሚወርደው ናዳና መሣሪያ ከታች ያለውን ስለሚፈጅ ሠራተኞቹ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። የጨርቅ ቆባቸውን ሬንጅ ውስጥ እየነከሩ ያደርቁት ነበር። ቆቡ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ነገሩ ራስን እንደሚያድን የታየው አለቆቹ በዚህ ከተጠቀሙት መካከል ድንጋይ ወድቆባቸው በሕይወት የተረፉ መኖራቸውን ሲያዩ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠንካራ ቆብ ታዝዞ ለሠራተኛው ይታደል ጀመር።

በመንግሥት መዝገብ የሰፈረው የሟቾች ቁጥር 96 ነው። ይህ ሥራው ላይ በደረሰ አደጋ የሞቱትን ብቻ የያዘ ሲሆን፣ በሙቀትና በበሽታ የረገፉትን አይጨምርም። አንባቢ ሆይ፣ የቆቡን ታሪክ አስታውስ። መጀመሪያ ሰው ይሞታል፤ ቀጥሎ ሠራተኛው ራሱ መላ ይፈጥራል፤ አሠሪና ሕግ በመጨረሻ ይደርሳሉ። የሊፍቱም ታሪክ ከዚህ አይለይም።

እኛና ከፍታ

ከፍታ ላይ መሥራት ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ አለት ከላይ ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው። ሌላው ዓለም ከመሬት ተነስቶ መወጣጫ እያቆመ ወደ ላይ ሲገነባ፣ የእኛ ጠራቢዎች ከጣራው ጀምረው ወደ መሠረቱ ወርደዋል። ጠራቢው የቆመበት አለት ራሱ መወጣጫው ነበር ማለት ይቻላል።

የአዲስ አበባ ግንበኛ ግን ያ ዕድል አልነበረውም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ ከውጭ አስመጥተው ያስተከሉት ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ብቻ ሳይሆን ለመወጣጫም ሆነ። ቀጥ ያለ፣ ረጅምና ርካሽ ነው። ፎቅ በተሠራ ቁጥር ባሕር ዛፉ በሚስማር ተመትቶና በገመድ ታስሮ ዙሪያውን ይቆማል። በዚያ ላይ ባሬላ ይዛ የምትወጣ እህታችንን፣ ያለ ቆብና ያለ ቀበቶ የሚለስን ወንድማችንን ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። «እግዚአብሔር ይጠብቃቸው» ብለን እናልፍ ነበር። ጸሎቱ መልካም ነው፤ ግን ከጸሎቱ ጋር ጠንካራ መወጣጫ የሚያቀርብላቸው አልነበረም።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በባሕር ዛፍ ላይ ያደገ ዓይን፣ አሜሪካ መጥቶ ባለ ሞተር ሊፍት ሲያይ ሁሉም ነገር አስተማማኝ ይመስለዋል። ያረጀም ቢሆን፣ «ከባሕር ዛፉ ይሻላል» ይላል። ትልቁ አደጋ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ሲሰነጠቅ ይታያል፤ ይንቋቋል። የተበየደ ብረት ውስጥ ያለ ስንጥቅ ግን ቀለም ከተቀባበት አይታይም።

ከቼሪ ዛፍ ወደ ሕንፃ

ሰውን በክንድ ጫፍ የማንሳት ሐሳብ የመጣው ከአትክልት ቦታ ነው። በ1944 ጄይ አይተል የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው ቼሪ ለመልቀም መሰላል እየወጣና እየወረደ ከደከመ በኋላ፣ ሰውን ከነቅርጫቱ አንስቶ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚያዛውር ማሽን መንደፉ ይነገራል። እስከ ዛሬ አሜሪካውያን ይህን ማሽን «ቼሪ ፒከር» ማለትም ቼሪ ለቃሚ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። የስልክና የመብራት ሠራተኞች ምሰሶ ላይ መውጫ አደረጉት። በ1958 የቺካጎ እሳት አደጋ መከላከያ ይህንኑ ዓይነት ክንድ መኪና ላይ አስገጥሞ እሳት ለማጥፋት ተጠቀመበት፤ ስሙንም ስኖርክል አሉት። በዓመቱ በሚዙሪ ክፍለ ግዛት በዚሁ ስም ኩባንያ ተቋቋመ። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሁቨር ግድብ እንመለስ። ጆን ግሮቭ የፔንሲልቬንያ ሰው ነበር። ከወንድሙና ከሸሪካቸው ጋር ያቋቋሙት የክሬን ፋብሪካ በ1967 ከተሸጠ በኋላ ከባለቤቱ ጋር አገር እያየ ወደ ምዕራብ መጣ። ኩባንያው ራሱ እንደሚተርከው፣ ሁቨር ግድብ በደረሱበት ጊዜ መወጣጫ ላይ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሠራተኞች በኤሌክትሪክ ተይዘው ሞቱ። ክሬን ሲሠራ የኖረው ሰው ዕቃ ማንሳት ያውቅበታል። ሰው ለማንሳትስ ለምን ደህና ማሽን አይኖርም ብሎ ማሰብ የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው ይባላል። በ1969 በትንሿ ማኮኔልስበርግ ከተማ ፋብሪካ ከፈተ። የስሙን መነሻ ፊደላት ወስዶ ጄኤልጂ አለው። የመጀመሪያው ማሽን በ1970 ወጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ፕሬዚዳንት ኒክሰን የሥራ ላይ ደህንነት ሕግ ፈረሙ፤ ኦሻ የምንለው መሥሪያ ቤት ከዚህ ሕግ ተወለደ። ማሽኑና ሕጉ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ማሽኑ የተወለደው ሁለት ሰዎች በኤሌክትሪክ ከሞቱ በኋላ ቢሆንም፣ በየግንባታው የሚከራየውና የሚሸጠው አብዛኛው ሊፍት ከኤሌክትሪክ አይከላከልም። ብረት ነው፤ ለመብራት ኃይል ሥራ ተብለው በልዩ ከተሠሩት በስተቀር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ ኦሻ ከተለመደው የመንገድ ዳር መስመር ቢያንስ 10 ጫማ መራቅን ያዛል፤ መስመሩ ከፍተኛ ኃይል ከተሸከመ ርቀቱ ይጨምራል። ቀለም ቀቢ ወገናችን ይህን ቁጥር እንደ ቤቱ አድራሻ ይወቅ።

የላስ ቬጋስ ሕንፃዎችና ዋጋቸው

ከ1989 እስከ 1999 ባለው ጊዜ የላስ ቬጋስ ዋና መንገድ መልኩ ተለወጠ። ሚራዥ በ1989፣ ሉክሶር፣ ትሬዠር አይላንድና ኤምጂኤም ግራንድ በ1993፣ 1,149 ጫማ ርዝመት ያለው ስትራቶስፌር በ1996፣ ቤላጂዮ በ1998፣ ማንዳላይ ቤይ፣ ቬኒሺያንና ፓሪስ በ1999 ተከፈቱ። በ1990 741 ሺህ ያህል የነበረው የክላርክ ካውንቲ ሕዝብ በ2000 ከ1.37 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ብዙዎቻችን ወደዚህ ከተማ የመጣነውም በዚሁ ጎርፍ ነው። እንዲህ በጥድፊያ በሚገነባ ከተማ ሊፍት የዕለት እንጀራ ሆነ።

ጥድፊያው ግን ዋጋ አስከፈለ። ሲቲሴንተርና ሌሎች ግዙፍ ሕንፃዎች ሲሠሩ፣ በዚያው መንገድ ላይ በ18 ወራት ገደማ 12 የግንባታ ሠራተኞች ሞቱ። ጉዳዩን የላስ ቬጋስ ሰን ጋዜጣ በ2008 አንድ በአንድ እየመረመረ አወጣ። አሌክሳንድራ በርዞን የተባለችው ዘጋቢ የሞቱትን መዝገብ እያገላበጠች፣ ቁጥጥሩ እንዴት እንደላላ ለሕዝብ አሳየች። በሰኔ 2008 ሠራተኞች ሥራ አቁመው ወጡ። ጋዜጣው በ2009 የፑሊትዘር የሕዝብ አገልግሎት ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት የኔቫዳ ምክር ቤት፣ ማንኛውም የግንባታ ሠራተኛ በተቀጠረ በ15 ቀን ውስጥ የ10 ሰዓት የደህንነት ሥልጠና፣ ኃላፊዎች ደግሞ የ30 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስዱ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ።

በብዕር ምክንያት ከአገር የወጣን ሰዎች ይህን ስንጽፍ የሚሰማንን አንባቢ ይረዳልናል። ጋዜጣ የሞተ አያስነሳም፤ የሚቀጥለውን ግን ሊያድን ይችላል። ዛሬ ወገናችን ኪሱ ውስጥ የያዛት የኦሻ 10 ካርድ ሰዎች ሞተው፣ ሠራተኞች ሥራ አቁመው፣ ጋዜጠኛ ጽፎ የተገኘች ናት። ለወጉ ብሎ የሚይዛት ካለ ዋጋዋን ይወቅ።

ያገለገለው ማሽን ከየት ይመጣል?

ላስ ቬጋስ የሊፍት ተጠቃሚ ብቻ አይደለችም፤ የሊፍት ነጋዴም ናት። በ1953 እዚሁ የተመሠረተው አኸርን ሬንታልስ ከአገሪቱ ትልልቅ የማሽን አከራዮች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ከ2008 የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ግንባታው ሲቆም ኩባንያው ተናጋ፤ በ2011 ከአበዳሪዎች ጥበቃ ለማግኘት ፍርድ ቤት ገባ፤ በ2013 ወጣ። በዚያው በ2013 ከፍ ብለን ያነሳነው ስኖርክል የተባለው አምራች በአኸርን ቤተሰብ እጅ ገባ፤ መሥሪያ ቤቱም ጎረቤታችን ሄንደርሰን ሆነ። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ አኸርን ሬንታልስ በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለዩናይትድ ሬንታልስ ተሸጠ። ኮንኤክስፖ የተባለው ታላቁ የግንባታ ማሽን ትርዒትም በየሦስት ዓመቱ የሚካሄደው በዚሁ ከተማ ነው።

ይህን ታሪክ የጠቀስነው ለገዢው ሁለት ትምህርት ስላለው ነው።

አንደኛው፣ ገበያ ላይ የሚቀርበው ያገለገለ ሊፍት አብዛኛው የመጣው ከአከራይ ግቢ ነው። አከራዮች ማሽኑን ለተወሰኑ ዓመታት ያሠሩታል፤ ጥገናው ሲበዛ ወይም አዲስ ሞዴል ሲመጣ በቀጥታ ወይም በጨረታ ይሸጡታል። ይህ ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ጥሩነቱ፣ ደህና አከራይ የጥገና መዝገብ ይይዛል። መጥፎነቱ፣ ማሽኑን ብዙ እጅ ነክቶታል፤ ተከራይ ደግሞ የሰው ዕቃ እንደ ራሱ አይጠብቅም።

ሁለተኛው፣ ሊፍት የሚረክሰው ሥራ ሲጠፋ ነው። ግንባታ ሲቆም ማሽኑ በገፍ ወደ ጨረታ ይወጣል፤ ዋጋው ይወርዳል፤ ገዢውም «ዕድል ቀናኝ» ይላል። ነገር ግን ማሽኑን ያረከሰው ምክንያት የገዢውንም ሥራ ያጠፋዋል። ርካሽ ማሽን ይዞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አለ።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

የመጀመሪያው ነገር የማሽኑ ስም ሰሌዳ ነው። ሞዴሉ፣ ተከታታይ ቁጥሩ፣ የተሠራበት ዓመትና የሚሸከመው ክብደት እዚያ ላይ ተቀርጿል። ሰሌዳው ከተፋቀ ወይም ከጠፋ ይቅርብህ። ቁጥሩን ይዘህ ለአምራቹ መደወል ትችላለህ፤ ባለቤት ሲለወጥም ለአምራቹ ማሳወቅ ግዴታ ነው። በማሽኑ ላይ ጉድለት ተገኝቶ የጥገና ጥሪ ሲወጣ ወሬው የሚደርስህ ስምህ እዚያ ሲመዘገብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዓመታዊው ምርመራ ነው። በአሜሪካ ደረጃ መሠረት ማሽኑ ካለፈው ዓመታዊ ምርመራ 13 ወር ሳይሞላው በሚያውቅ መካኒክ መመርመር አለበት። የተለጠፈውን ምልክት አይተህ አትለፍ፤ ወረቀቱን ጠይቅ። የራስህን መካኒክ ይዘህ ሂድ። ለእሱ የምትከፍለው ገንዘብ በጠቅላላው ግዢ ውስጥ ከሁሉ የሚያተርፍህ ነው።

ሦስተኛው የብረቱ ጤንነት ነው። ሲዘር ሊፍት ከሆነ የመቀሱን መጋጠሚያዎች፣ ቡም ከሆነ የክንዱን ብየዳዎችና መዞሪያውን አስመርምር። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ማሽን ስታይ ጠርጥር፤ ቀለም ዝገትም ስንጥቅም ይሸፍናል። የላስ ቬጋስ ፀሐይ የዘይት ቱቦዎችን ያደርቃል፤ ጎማ ይሰነጥቃል፤ ባትሪ ቶሎ ይገድላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ትንሹ ሲዘር ሊፍት በተለምዶ አራት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች አሉት። ሻጩ ማሽኑን ከማለዳ ጀምሮ ቻርጀር ላይ ሰክቶ ቢያሳይህ ባትሪዎቹ ለአንድ ሰዓት ብቻ ሊሠሩ ይችላሉ። ስለዚህ ደጋግመህ ከፍና ዝቅ አድርገህ ሞክረው።

አራተኛው የመከላከያዎቹ ነገር ነው። ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ ተጫን፤ ይቆማል? ማሽኑ ሲያዘነብል የሚጮኸው መሣሪያ ይሠራል? ኃይል ቢጠፋ ሰውን ከመሬት ሆኖ የሚያወርደው ማውረጃ ይሠራል? የቅርጫቱ በር ይዘጋል? ሲዘር ሊፍቱ ሲነሳ ከሥሩ የሚዘረጋው የጉድጓድ መከላከያ ብረት ይወርዳል? አንድ መካኒክ ሥራ ለማፍጠን ብሎ አንዱን በሽቦ አቋርጦት ቢሆን፣ ለዚያ መከላከያ ሲባል የሞተው ሰው ሞት ከንቱ ቀርቷል ማለት ነው።

አምስተኛው ዕድሜው ነው። ከሰኔ 2020 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው አዲሱ የአሜሪካ ደረጃ፣ አዳዲስ ማሽኖች ከአቅም በላይ ሲጫኑ ራሳቸው እንዲያቆሙ ያዛል። ከዚያ በፊት የተሠራው ብዙው ማሽን ይህ የለውም። አሮጌውን መጠቀም አልተከለከለም፤ ነገር ግን የሚመዝንልህ ማሽኑ አይደለም፤ አንተ ነህ። 19 ጫማ የሚወጣው የተለመደው ሲዘር ሊፍት 500 ፓውንድ ገደማ ይሸከማል። ሁለት ደንዳና ሰዎች ከነመሣሪያቸውና ከነቀለም ባልዲያቸው ሲወጡ ቁጥሩ ይሞላል። ለቤት ውስጥ ብቻ የተሠራ ማሽን ደግሞ አለ፤ ሰሌዳው ነፋስ ላይ አይወጣም ካለ አይወጣም። ለውጭ የተሠሩትም ቢሆኑ በተለምዶ ነፋሱ በሰዓት 28 ማይል ሲያልፍ መውረድ አለባቸው። የቬጋስን የጸደይ ነፋስ የምታውቅ አንተ ነህ።

ስድስተኛው ዕዳ ነው። ማሽኑ በብድር መያዣነት ተይዞ ሊሆን ይችላል። በኔቫዳ የሚገኝ ድርጅት ከሆነ የሸጠልህ፣ የመያዣ ምዝገባው በክፍለ ግዛቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት መሥሪያ ቤት ይፈለጋል። ይህን ሳታይ ብትገዛ ባንኩ መጥቶ ማሽኑን ሊወስድብህ ይችላል። ጨረታ ላይ ደግሞ ሽያጩ በአብዛኛው «ባለበት ሁኔታ» ነው፤ ከግቢው ከወጣ በኋላ «ተበላሽቷል» ብሎ መመለስ የለም። ለአጫራቹ የሚከፈል ተጨማሪ ገንዘብም መኖሩን አስቀድመህ ጠይቅ።

ዕቁብ፣ ውሰትና ኃላፊነት

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ሦስት አራት ወገኖች ዕቁብ ጥለው ማሽን በጋራ መግዛታቸው የሚያስመሰግን ነው። ግን ከመግዛት በፊት ስሌት ይቅደም። ለማሳያ ብቻ እንበልና፣ ማሽኑ 6,000 ዶላር፤ ባትሪው፣ ማጓጓዣው፣ ምርመራውና ኢንሹራንሱ በመጀመሪያው ዓመት 3,000 ዶላር ቢሆን ድምሩ 9,000 ነው። ኪራዩ በወር 600 ከሆነ፣ በዚህ ገንዘብ 15 ወር ትከራያለህ። በዓመት አምስት ወር ብቻ ሊፍት የሚያስፈልገው ሰው ወጪውን ለመመለስ ሦስት ዓመት ይፈጅበታል፤ በዚያ መካከል ባትሪውም ሊለወጥ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ከገበያ ወስዶ ያስላ። ሲከራዩ ምርመራው የአከራዩ ራስ ምታት ነው፤ ሲገዙ የራስ ይሆናል።

ሌላው ትልቁ ጉዳይ ውሰት ነው። እኛ ዕቃ አንነፋፈግም። ጎረቤት መጥረቢያ ቢጠይቅ እንሰጣለን፤ ወጋችን ነው። ሊፍት ግን መጥረቢያ አይደለም። ማሽኑን ለሌላ ያዋሰ ሰው፣ በደህና መሥራቱንና ተዋሹ ማሽኑን ማወቁን የማረጋገጥ ኃላፊነት አለበት። ያልሠለጠነ ዘመድህ ቅዳሜ ወስዶት ቢወድቅ፣ ከሐዘኑ በላይ ጠበቃ ይመጣብሃል። «እምቢ» ለማለት ይሉኝታ የሚይዝህ ከሆነ፣ «ካርድህን አሳየኝ» ማለት አይከብድም። ባለቤቶቹ ብዙ ከሆኑ ደግሞ ማን ያስመረምራል፣ ቁልፉ ማን ዘንድ ያድራል፣ ኢንሹራንሱ በማን ስም ነው የሚለው በጽሑፍ ይቀመጥ። ያለ ኮንትራክተር ላይሰንስ ትልቅ ሥራ መያዝ በኔቫዳ እንደሚያስቀጣም አይረሳ።

ቡም ሊፍት ላይ የሚወጣ ሰው ቀበቶውን ታጥቆ ገመዱን ቅርጫቱ ላይ በተዘጋጀው ቦታ ያስር። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ክንዱ እንደ ወንጭፍ ሰውን አስፈንጥሮ ያወጣል። ገመዱን አጠገብ ካለ ሕንፃ ጋር ማሰር ደግሞ ክልክል ነው፤ ማሽኑ ሲንቀሳቀስ ጎትቶ ይጥላል።

የሁቨር ግድብ ሠራተኞች ከሬንጅና ከጨርቅ ቆብ የሠሩት ሌላ የሚሰጣቸው ስላልነበረ ነው። የአዲስ አበባው ግንበኛ ባሕር ዛፍ ላይ የወጣው ምርጫ ስላልነበረው ነው። እኛ ምርጫ አለን፤ ሰሌዳውን ማንበብ፣ ወረቀቱን መጠየቅ፣ መካኒክ ማምጣት፣ ካላመነን ትቶ መሄድ እንችላለን። አገር ቤት ያለ ቤተሰብ በየወሩ የሚጠብቀው የእኛን እጅ ነው። ከፍ ብሎ የወጣ ወገን ሁሉ በሰላም ወርዶ ቤቱ ይግባ። ቸር ወሬ ያሰማን።